ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ማን ነው? በቦሊቪያና በእኛ አገር

ከእናንተ መካከል አዲስ አበባ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ አትጠፉም። ልትጠይቁት ስትመጡ ደረጃውን ወጥታችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣላችሁ። ዜናው ይጀምራል። «በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ አዲስ ፕሬዚዳንት ተመረጠ፤ ለሃያ ዓመት ገደማ የገዛው ፓርቲ ከሥልጣን ወረደ» ይላል። ከተቀመጡት አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ «እንዴ! እኛስ ፕሬዚዳንት የምንመርጠው መቼ ነው?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ዲግሪ የያዘው ሰው ሳይቀር ሲሳሳተው እንሰማለን። ስለዚህ በመጀመሪያ ቦሊቪያ የሆነውን እንንገራችሁ። ከዚያ ወደ አገራችን እንመለሳለን።

ቦሊቪያ እንዴት ያለች አገር ናት?

ቦሊቪያ እንደ እኛ የባሕር በር የላትም። ነበራት፤ ከ140 ዓመት ገደማ በፊት ከቺሌ ጋር ባደረገችው ጦርነት አጣችው። መንግሥቷ የሚቀመጥባት ላ ፓዝ የምትባለው ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ የላ ፓዝን መገመት ትችላላችሁ። በጓሯችሁ የምትተክሉት ድንች እንኳ መጀመሪያ የለማው በእነዚያ ተራሮች አካባቢ ነው።

በዚያ ተራራ ላይ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት አይማራና ኬቹዋ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። መሬቱ ግን ለረጅም ጊዜ በጥቂት ባላባቶች እጅ ነበር። ገበሬው ለምትሰጠው ቁራሽ መሬት ሲል በሳምንት የተወሰኑ ቀኖች በባላባቱ እርሻ በነፃ ይሠራል፤ ተራው ሲደርስም በባላባቱ ቤት ያገለግላል። ጭሰኝነትን ያየ ሽማግሌ በመንደራችሁ ካለ ይህንን ብታነቡለት ትርጉም አያስፈልገውም።

ምርጫ ነበረ ወይ? ነበረ። የሚመርጠው ግን ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ገቢ ወይም ንብረት ያለው ወንድ ብቻ ነበር። ገበሬው ፊደል እንዲቆጥር ትምህርት ቤት አልተሠራለትም። «ፊደል አልቆጠርክም» ተብሎ ደግሞ ከምርጫ ተከለከለ። አያችሁ? አንዱ በር የተዘጋው በሌላው በር ቁልፍ ነው።

በ1944 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የማዕድን ሠራተኞችና የከተማ ሰዎች ባነሡት አብዮት የድሮው መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ለሴቱም ለወንዱም፣ ለተማረውም ላልተማረውም የመምረጥ መብት ተሰጠ። ከአብዮቱ በፊት በነበረው ምርጫ ድምፅ የሰጠው 130 ሺህ የማይሞላ ሰው ነበር። ከአብዮቱ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ከ900 ሺህ በላይ ሆነ። በሐምሌ 1945 ደግሞ የመሬት አዋጅ ወጣ። ገበሬው በየቀበሌው በማኅበር ተደራጀ። የእኛ የየካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጅና የገበሬ ማኅበራት የመጡት ከዚህ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይተው ነው።

ከገበሬ ማኅበር የወጣው ፕሬዚዳንት

ኤቮ ሞራሌስ የሚባል ሰው ነበር፤ ዛሬም በሕይወት አለ። የአይማራ ገበሬ ልጅ ነው። በልጅነቱ ላማ ይጠብቅ ነበር። ላማ ግመል የሚመስል፣ ግን ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጭነት የሚሸከም የዚያ አገር እንስሳ ነው። ቤተሰቡ በድርቅ ምክንያት ከደጋው ወደ ቆላው ወረደና ኮካ ማምረት ጀመረ። ኮካ እንደ ጫት የሚታኘክ ቅጠል ነው። በሌላ በኩል ኮኬይን የሚባለው አደገኛ መድኃኒት የሚሠራው ከዚሁ ቅጠል ስለሆነ መንግሥት ማሳውን ይነቅል ነበር። ኤቮ የኮካ ገበሬዎች ማኅበር መሪ ሆነ። ማኅበሮቹም የራሳቸውን ፓርቲ አቆሙ።

በታኅሣሥ 9 ቀን 1998 ዓ.ም. በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ኤቮ ከመቶ 54 ያህል ድምፅ አገኘ። በጥር ወር ሥልጣን ያዘ። በሚያዝያ ወር የአገሪቱ የተፈጥሮ ጋዝ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲውል አወጀ። ከጋዙ በተገኘው ገቢ ለተማሪ ልጆችና ለአረጋውያን ገንዘብ ተሰጠ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተካሄደ። አሮጊት እናቶች በራሳቸው ቋንቋ፣ በአይማራና በኬቹዋ ሳይቀር፣ ፊደል ቆጠሩ። በሐምሌ 1971 በእኛ አገር የተጀመረውን ዘመቻ የምታስታውሱ፣ ከስንት ዓመት በኋላም ሌላ ሕዝብ ያንኑ መንገድ እንደሄደ ልብ በሉ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2001 የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው አንድ ፕሬዚዳንት በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። ኤቮ ይህ ክልከላ እንዲነሣ በየካቲት 2008 ሕዝቡን ጠየቀ። ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ሕዝብ «አይሆንም» አለ። ፍርድ ቤት ግን ፈቀደለትና እንደገና ተወዳደረ። በጥቅምት 2012 ምርጫው ተጭበርብሯል ተብሎ አገር ታወከ። የጦሩ አዛዥ ውረድ አለው፤ ለቅቆ ከአገር ወጣ። ይህ መፈንቅለ መንግሥት ነው የሚሉ አሉ፤ የሕዝብ ቁጣ ነው የሚሉም አሉ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ይመስለናል፦ ሕዝቡን ጠይቆ መልሱን አለመቀበል ለማንም አልበጀም።

በ2013 የዚያው ፓርቲ ሰው ሉዊስ አርሴ ተመርጦ ፓርቲው ወደ ሥልጣን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የጋዙ ምርት እየቀነሰ ሄደ። ዶላር ጠፋ። የናፍጣና የቤንዚን ሰልፍ ረዘመ። የገበያ ዋጋ ናረ። በዚህ ላይ አርሴና ኤቮ ተጣልተው ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ። በነሐሴ 11 ቀን 2017 በተደረገው ምርጫ የፓርቲው ዕጩ ያገኘው ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነው። ከመቶ 54 ተነሥቶ ከመቶ 3!

ስሌቱን እዩት። በቦሊቪያ ሕግ በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ማግኘት፣ አለዚያም ከመቶ 40 አግኝቶ ተከታዩን በ10 መብለጥ ያስፈልጋል። ይህንን ያሟላ ስላልነበረ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱ ብቻ በጥቅምት 9 ቀን 2018 እንደገና ተወዳደሩ። ሮድሪጎ ፓስ ከመቶ 54 በላይ አግኝቶ ሆርሄ ኪሮጋን አሸነፈ። ፓስ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ልጅና የምክር ቤት አባል ነው። በጥቅምት 29 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸመ። ተሸናፊው ኪሮጋም መሸነፉን በዚያው ሌሊት ተቀበለ። አዲሱ መንግሥት ደግ ይሁን ክፉ የሚፈርደው የቦሊቪያ ሕዝብ ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን መንገዱ ነው፦ መራጩ አንድ ወረቀት ይዞ ገባ፤ በዚያች ወረቀት አገሪቱን የሚያስተዳድረውን ሰው ራሱ ለወጠ።

ታዲያ በእኛ አገርስ?

በኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አለ። ሆኖም አንድም ፕሬዚዳንት በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ አያውቅም።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በጳጉሜን 1979 የመረጣቸው ብሔራዊ ሸንጎ ነው። ሥልጣኑም ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር። በግንቦት 1983 ከአገር ሲወጡ ያ ሥርዓት ፈረሰ።

ዛሬ የሚሠራበት ሕገ መንግሥት የጸደቀው በኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። በዚህ ሕግ ፕሬዚዳንቱን በዕጩነት የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚያ ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። ሁለት ሦስተኛ ማለት ከሦስት ሰው ሁለቱ ማለት ነው። ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ነጋሶ ጊዳዳ፣ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሙላቱ ተሾመ እንዲህ ተመረጡ። በጥቅምት 15 ቀን 2011 ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በመስከረም 27 ቀን 2017 ታዬ አጽቀ ሥላሴ ተተኩ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው። ርዕሰ ብሔር ማለት አገሪቱን ወክሎ የሚቆም ሰው ማለት ነው። አምባሳደር ይሾማል፣ ሕግ ይፈርማል፣ የምክር ቤቱን ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል። በጀቱን፣ ጦሩን፣ ሚኒስትሮቹን የሚመራው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። መንግሥት የሚመሠርተውም በዚያ ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ነው። ያንን ምክር ቤት የሚመርጠው ማነው? እናንተ ናችሁ። ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ በየ5 ዓመቱ።

ስለዚህ «ፕሬዚዳንት አልመረጥንም፣ የእኛ ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ የቦሊቪያ ገበሬ ለፕሬዚዳንት የሰጣት ወረቀት በእኛ አገር ለወረዳችሁ ተወካይ የምትሰጧት እንደሆነች ንገሩት። ብዙ ሰው ለዚያ ተወካይ ደንታ የለውም፤ ስሙንም አያውቀው። አለማወቁ ያስገርማል፤ መንግሥት የሚቆመው ከዚያ ነውና።

በልደታ የታየው

የወረቀቷን ጉልበትና የጉልበቷንም ወሰን ለማየት ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልግም። ዛሬ ፎቆቹ የቆሙበት የልደታ ሰፈር በ1997 ዓ.ም. በአብዛኛው ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ነበር። በግንቦት 7 ቀን 1997 የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። ቅንጅት የሚባለው ተቃዋሚ ስብስብ አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 መቀመጫ በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። የልደታ መራጭም በዚህ ውስጥ አለበት።

በአገር ደረጃ ግን ኢሕአዴግ አሸነፈ ተባለ፤ ተቃዋሚዎች ውጤቱን አልተቀበሉም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ሁከት ተነሣ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠራቸው ሟቾች 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ናቸው። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ በ1999 መጨረሻ በይቅርታ ተፈቱ። የተመረጠው የከተማ ምክር ቤት ሥራውን ሳይረከብ ቀረ። ከተማዋን እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ባላደራ አስተዳደር መራት። ሕዝቡ መረጠ፤ የመረጠው ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። በቦሊቪያ በ2018 ተሸናፊው በዚያው ሌሊት ሽንፈቱን ሲቀበል ለምን ትልቅ ነገር እንዳልነው ከዚህ ይገባችኋል።

በምርጫ ቀን ምን ታያላችሁ?

በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከዕጩው ስም ጎን ምልክት አለ። ምልክቱ የተደረገው ፊደል ላልቆጠረ ሰው ነው። በእኛ አገር በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለመምረጥ ፊደል መቁጠር አልተጠየቀም፤ ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ጭሰኛው ባለ ንብረቱን ሊመርጥ ይችል ነበር እንጂ ራሱ ሊመረጥ አይችልም ነበር። ዛሬ ያ ቀርቷል።

እናንተ አሁን ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ማንበብ ትችላላችሁ። ምልክት የሚመሳሰልበት ጊዜ አለ፤ ስም ግን ፊደል በፊደል ይለያል። ቆጠራው ካለቀ በኋላም የጣቢያው ውጤት ተጽፎ በዚያው በምርጫ ጣቢያው ይለጠፋል። ለእያንዳንዱ ዕጩ ስንት ድምፅ እንደተቆጠረ በቁጥር ይታያል። በማግስቱ ሄዳችሁ አንብቡት፤ በደብተራችሁም ጻፉት። ለጎረቤታችሁም ንገሩት፤ እሱም ሄዶ ያንብብ።