ከወረቀት ቤት ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?

ከደሴ ወደ ኩታበር የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት ቤት ያያል፡፡ አንዱ ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ጎጆ፣ ሌላው ባለ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት ነው፡፡ ቆርቆሮው እየበዛ፣ ጎጆው እየቀነሰ መሄዱ የሚያስወቅስ አይደለም፡፡ ቆርቆሮ በየጥቂት ዓመቱ ክዳን ቀይሩልኝ አይልም፤ እንደ ሣር በቀላሉ እሳት አይበላውም፡፡ ሆኖም ጎጆ ሲፈርስ የግድግዳው ዙሪያና የጣሪያው ቁመት አብረው ይጠፋሉ፡፡ ፎቶግራፍ መልኩን እንጂ ልኩን አያስቀርም፡፡

ልኩን በሜትር ወስዶ በወረቀት ሞዴል ማስቀረት ግን ማንም የሚችለው ሥራ ነው፡፡ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በወረቀትና በካርቶን ሞዴል ይሠራሉ፡፡ ለጀማሪ የሚበቃው መሣሪያም አንድ የጫማ ካርቶን አይሞላም፡፡

የመጀመሪያው መሣሪያ ካተር ነው፡፡ ጫፉ እየተሰበረ የሚታደሰውን ካተር እ.ኤ.አ. በ1956 የፈለሰፉት ዮሺዮ ኦካዳ የተባሉ ጃፓናዊ ሲሆኑ፣ ሐሳቡን ያገኙት ከመስታወት ስባሪና ተሸንሽኖ ከሚሰበር ቸኮሌት እንደሆነ ይነገራል፡፡ ብዙ ጀማሪ የተሳለ ምላጭ ይፈራል፤ ይበልጥ የሚያቆስለው ግን የደነዘው ነው፡፡ የደነዘ ምላጭ ኃይል ይጠይቃል፤ ኃይል ሲበዛ ደግሞ እጅ ይስታል፡፡ ስለዚህ ወረቀቱ መቀደድ ሲጀምር ጫፉን መስበር፣ ስባሪውንም ክዳን ባለው የመድኃኒት ብልቃጥ ማጠራቀም ይገባል፡፡ ወፍራም ወረቀት በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ቀለል አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይሻላል፡፡ ልጆች በመቀስ ይሥሩ፤ ካተሩን አዋቂ ይያዝላቸው፡፡

ሁለተኛው የብረት ማስመሪያ ነው፡፡ የፕላስቲኩን ማስመሪያ ምላጩ እየላጠ ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር አይገኝም፡፡ ማስመሪያውን የሚይዙት ጣቶች ከምላጩ መሄጃ ይራቁ፡፡ ከሥር ወፍራም ካርቶን ይነጠፍ፡፡ መስታወት ላይ መቁረጥ ምላጩን ቶሎ ያደነዝዛል፡፡

ሦስተኛው ማጠፊያ መስመር ማስመሪያ ነው፡፡ ወረቀት በእጅ ብቻ ሲታጠፍ ይጨማደዳል፡፡ አስቀድሞ መስመሩን ሳይቀዱ ጫን ብሎ ማስመር ያስፈልጋል፡፡ ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶ ለዚህ ይበቃል፡፡ ሰፌድና መሶብ በሚሰፋበት ቤት ደግሞ ወስፌ አይጠፋም፤ ጫፉን ጋደም አድርገው ካሰመሩበት እሱም ይሠራል፤ ለቀዳዳም ይሆናል፡፡

አራተኛው ማጣበቂያ ነው፡፡ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ስላለው ሲበዛ ወረቀቱን ያጣምማል፡፡ በጥርስ ስንጥር ጫፍ በስሱ ቀብቶ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ ይበቃል፡፡

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የተለመደው ባለ 80 ግራም የማተሚያ ወረቀት ግድግዳ ሆኖ አይቆምም፡፡ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ይሻላል፡፡ ኮምፓስ፣ እርሳስና ላጲስ ሲጨመሩ መሣሪያው ተሟላ፡፡

አሁን ወደ ጎጆው እንመለስ፡፡ ለምሳሌ ወርዱ ከዳር እስከ ዳር 4.5 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2.2 ሜትር የሆነ ጎጆ ለካን እንበል፡፡ በ1 ለ50 ሚዛን ሲቀነስ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 4.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፡፡ ዙሪያውን ለማግኘት 9ን በ3.14 ማባዛት ነው፤ 28.3 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፡፡ 1 ሴንቲ ሜትር ለማጣበቂያ ሲጨመር 29.3 ይሆንና ርዝመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር በሆነው ኤ4 ወረቀት ላይ ልክ ይገባል፡፡ ከላይኛው ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትቶ እንደ መጋዝ ጥርስ መቁረጥ፣ በሩንም ወረቀቱ ገና ሳይጠቀለል መክፈት ያስፈልጋል፡፡ ከዚያ በጠርሙስ ላይ ጠቅለል አድርጎ ማለማመድና ማጣበቅ ነው፡፡

ለጣሪያው ከማዕከል እስከ ዳር 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ በኮምፓስ ይነሣል፡፡ በዚያው ማዕከል 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ሌላ ክብ በስሱ ይሰመራል፡፡ ከክቡ ሩብ፣ ማለትም 90 ዲግሪ፣ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሲቆረጥ ግን በአንዱ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ለማጣበቂያ ይቀራል፡፡ የቀረው ሲገጠም ቁመቱ 5.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ጣሪያ ይሆናል፡፡ መስመሩ በውስጥ በኩል መዋሉን ማረጋገጥ ነው፤ የግድግዳው ጥርሶች የሚጣበቁት እዚያ ላይ ነው፡፡ ከግድግዳው ውጭ የሚተርፈው 1.5 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ከግንቡ የሚያርቀው የክዳኑ ከንፈር ነው፡፡ የለካችሁት ጣሪያ ከዚህ የበለጠ ቀጥ ያለ ከሆነ የሚወጣው ቁራጭ ከሩብ ይበልጣል፤ የተኛ ከሆነ ያንሳል፡፡

ሞዴሉ ሲደርቅ ወለሉ ላይ የቀበሌውን ስም፣ የተለካበትን ቀንና ሚዛኑን መጻፍ አይዘንጋ፡፡ እነዚህ ሦስቱ ካሉ፣ ጎጆው ከፈረሰ ከዓመታት በኋላም ሌላ ሰው ማስመሪያ ይዞ እውነተኛውን ልክ ከሞዴሉ ላይ ማንበብ ይችላል፡፡