አንድ ሥጋ፣ ሁለት ኑዛዜ

በክርስቲያን ቤተሰብ ውስጥ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አሥራትና ስለ አገልግሎት በግልጽ እንነጋገራለን። ስለ ኑዛዜ ግን ዝም እንላለን። ባል ነገሩን ሲያነሣ ሚስት «አታሟርት እንጂ!» ትላለች። ሚስት ስታነሣው ደግሞ ባል «ምን አስበሽ ነው?» ብሎ ይጠረጥራል። አንዳንዶቻችንም «የሞት ቃል አንናገርም፤ ጌታ ዕድሜ ይሰጠናል» ብለን በእምነት ስም እናልፈዋለን።

ጌታ ዕድሜ ይስጠን፤ አሜን። ነገር ግን ኑዛዜ መጻፍ ሞትን አይጠራም፤ አለመጻፍም ሞትን አያዘገይም። አለመጻፍ የሚያስከትለው ነገር ቢኖር፣ ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሚስት ገና ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ የፍርድ ቤት ደጅ እንድትጠና ማድረግ ነው። ልጆችም በአባታቸው ቀብር ላይ አብረው አልቅሰው፣ በዓመቱ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው ሊገናኙ ይችላሉ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ለትዳር ጓደኛችሁ ያላችሁን ፍቅር እግዚአብሔር ያውቀዋል። ሕግ ግን በልባችሁ ያለውን አያነብም፤ የሚያነበው በትክክለኛው መንገድ የተጻፈውን ብቻ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያሳየናል?

የእምነት አባት የሆነው አብርሃም ጉዳዩን ለልጆቹ ጠብ ትቶ አልሞተም። ይስሐቅን ወራሽ አደረገ፤ ለሌሎቹ ልጆቹም ገና በሕይወት ሳለ ስጦታ ሰጥቶ ለየብቻ አሰናበታቸው (ዘፍ. 25፥5-6)።

በንጉሥ ዳዊት ቤት የሆነው ግን ሌላ ነው። ዳዊት ሰሎሞን እንደሚነግሥ ለቤርሳቤህ ምሎላት ነበር፤ ነገሩ ግን በይፋ አልተነገረም። ንጉሡ አርጅቶ አልጋ ሲይዝ አዶንያስ ራሱን አነገሠ፤ ቤርሳቤህና ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሡ እልፍኝ ባይሮጡ ኖሮ እናትም ልጅም ይጠፉ ነበር (1ነገ. 1)። በጓዳ የተሰጠ ተስፋ፣ የሰጠው ሰው አንደበቱ ሲደክም ምን ያህል አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ እንማራለን።

ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መካከል፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል (ዮሐ. 19፥26-27)። ለምንተዋቸው ሰዎች ማሰብ የእምነት ማነስ አይደለም።

ያለ ኑዛዜ ብንሞት ምን ይሆናል?

በአገራችን ውርስ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የባልና ሚስት ንብረትን ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይደነግጋል፤ አብዛኞቹ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

በመጀመሪያ «የእኔ» የምንለውን እንለይ። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ከጋብቻ በፊት የነበረን ንብረት፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘነው የግል ንብረታችን ነው። በጋብቻ ዘመን በሥራችን ያፈራነው ግን የጋራ ነው። የቤቱ ካርታ በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የባል ብቻ አያደርገውም። ስለዚህ አንዱ ሲሞት የጋራው ንብረት እኩሌታ የሞተው ሰው ውርስ አይደለም፤ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ድርሻ ነው። ለውርስ የሚቀርበው የቀረው እኩሌታ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ቀጥሎ ያለውን ነው። ኑዛዜ በሌለበት ሕጉ የሚጠራቸው ወራሾች በመጀመሪያ ልጆች ናቸው፤ ልጆች ከሌሉ ወላጆች ይጠራሉ፤ ከወላጆች አንዱ በሕይወት ከሌለ የእሱ ተወላጆች፣ ማለትም የሟች ወንድሞችና እህቶች፣ በቦታው ይተካሉ። የትዳር ጓደኛ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሚስት ባልዋን፣ ባልም ሚስቱን ያለ ኑዛዜ አይወርሱም።

ሁለት ምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት ተጋብተው ቤት ሠሩ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ባል ከጋብቻ በፊት የወለደው አንድ ልጅም አለው። ባል ያለ ኑዛዜ ቢሞት የቤቱ እኩሌታ የሚስት ነው፤ ሌላው እኩሌታ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ስድስተኛ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከሌሎቹ እኩል ነው፤ ሴትም ከወንድ እኩል ናት። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የጠየቁትን መብት (ዘኍ. 27) የዛሬው ሕግ ሳይጠየቅ ይሰጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያሳዝናል። ባልና ሚስቱ ገና ልጅ አልወለዱም እንበል። ባል ቢሞት የእሱ እኩሌታ ለወላጆቹ፣ ወይም በወላጆቹ ቦታ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ይሄዳል። ወራሾቹ «ድርሻችንን» ብለው ከጠየቁ፣ ባልዋን የቀበረች ወጣት ሴት ቤቱን ሸጣ ልታካፍል ወይም የእነሱን ድርሻ ልትገዛ ትገደዳለች። ባል ይህን አስቦ አያውቅም ይሆናል፤ ግን አልጻፈም።

የሚጸና ኑዛዜ እንዴት ያለ ነው?

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል።

1. በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ተጽፎ ሲያበቃ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል፤ ወዲያውም ተናዛዡና ምስክሮቹ ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። «ተነበበ» የምትለዋ ቃል ከቀረች ኑዛዜው በሙሉ ሊፈርስ ይችላል።

2. በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ። ይህ ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ ሊጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ሊያመለክት፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀን ጽፎ ሊፈርም ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ጽፈን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ገጾች መካከል ያስቀመጥነው ወረቀት እዚያው ሳለ ሊሞት ይችላል።

3. የቃል ኑዛዜ። ይህ ለሁለት ምስክሮች በቃል የሚነገር ነው። ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ያገለግላል። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ይሽራል። እንግዲህ መጋቢውና ሽማግሌዎች በሞት አልጋ አጠገብ ተጠርተው «ቤቱን ለእገሊት» የሚል ቃል ቢሰሙ፣ ያ ቃል ቤቱን አያሻግርም።

አንድ ሥጋ፣ ግን ሁለት ወረቀት

ብዙ አማኝ ባልና ሚስት በአንድነት መንፈስ የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ። «እኛ አንድ ሥጋ ነን» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይናዘዛሉ፤ አብረውም ይፈርማሉ። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ሕጉ ግን አይቀበለውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 858 መሠረት ብዙ ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ ያደረጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ምክንያቱም ኑዛዜ የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሥራ ነው፤ ማንም ስለ ሌላው ሊናዘዝ፣ በሌላው ሐሳብም ሊታሰር አይገባም።

ስለዚህ አብራችሁ ጸልዩ፣ አብራችሁ ተነጋገሩ፣ አብራችሁ ተስማሙ፤ ከዚያ ግን ለየብቻ ጻፉ። ባል ስለ ራሱ ድርሻ፣ ሚስትም ስለ ራሷ ድርሻ። ሐሳብ ቢለወጥ ኑዛዜን በማንኛውም ጊዜ መሻር ወይም በአዲስ መተካት ይቻላል። በፍቺ ጋብቻ ቢፈርስ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተደረገው ኑዛዜ ይቀራል። አዲስ ልጅ ሲወለድም ቀድሞ የተጻፈው ሊናጋ ስለሚችል እንደገና ይታይ።

በኑዛዜው ውስጥ ምን ይግባ?

ስለ ትዳር ጓደኛ። ከድርሻችሁ ለባለቤታችሁ የምትተዉትን በግልጽ ጻፉ። ቤቱ ለልጆች እንዲሆን ከፈለጋችሁ እንኳ ባለቤታችሁ በሕይወት እስካለ ወይም እስካለች ድረስ በቤቱ መኖርን መናዘዝ ይቻላል።

ስለ ልጆች። ስሙን ባለመጥቀስ ብቻ ልጅ ከውርስ አይወጣም። ልጅን መንቀል የሚቻለው በግልጽ ሲጻፍና ምክንያቱም ሲገለጽ ነው። ከጋብቻ በፊት የተወለደ ልጅ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለትዳር ጓደኛ ይነገር። በቀብር ቀን የሚታወቅ ልጅ ሁለት ሐዘን ያመጣል፤ ልጁም በደል የለበትም።

ስለ አሳዳሪ። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ሲሞት ልጆቹ ከቀረው ጋር ናቸው። የቀረውም ወላጅ ቢሞት ማን ያሳድጋቸው? በሕይወት የቀረው ወላጅ አሳዳሪውን በኑዛዜው ሊሰይም ይችላል። በቅድሚያ ግን የምታስቡትን ሰው ጠይቁት።

ስለ ዕዳ። ከውርሱ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራት ወጪ፣ ከዚያም የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ ስጦታዎች የሚሰጡት ከዚህ በኋላ ነው። የባንክ ብድር፣ ያልተከፈለ ዕቁብ፣ ከወዳጅ የተወሰደና ለሰው የተሰጠ ገንዘብ ይጻፍ።

ስለ መሬት። ቤት ይወረሳል፤ መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የገጠር መሬት የመጠቀም መብት ለማን እንደሚተላለፍ የራሱ አዋጅ ስላለው አስቀድማችሁ የአካባቢያችሁን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ስለ ውክልና። «ለወንድሜ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፣ ይበቃል» የሚሉ አሉ፤ በተለይ ውጭ አገር የሚኖሩና እዚህ ቤት ያላቸው ወገኖች። ውክልና ግን በመሠረቱ የሰጠው ሰው ሲሞት ያበቃል። ኑዛዜ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ለአገልጋዮች አንድ ቃል

ለቤተ ክርስቲያን መናዘዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤተሰብን ባዶ እጅ አስቀርቶ መሆን የለበትም (1ጢሞ. 5፥8)። ሕጉም ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት በሙያቸው የአካል ወይም የመንፈስ እንክብካቤ ላደረጉለት ሰዎች የተተወውን ስጦታ ፍርድ ቤት እንዲቀንስ ወይም እንዲሽር ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ መጋቢ የታመመ ምእመን ኑዛዜ ተቀባይ አይሁን። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰውም ምስክር ባይሆን ይሻላል።

አንድ ሰው ጌታን ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ንገረው ባለው ጊዜ፣ ጌታ ዳኛ ለመሆን አልፈቀደም፤ ስለ መጎምጀት አስጠነቀቀ እንጂ (ሉቃ. 12፥13-15)። እኛም ወራሾችን በሰላም እንዲካፈሉ እንምከር። ወራሾች በስምምነት መከፋፈልን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ወንድም ወንድሙን እንዳይከስም ቃሉ ይመክራል (1ቆሮ. 6፥1-8)።

ከዚህ ወር ሳይወጣ

• የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቻችሁን አሟሉ። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ነው፤ ቢሆንም በክብር መዝገብ መመዝገብ አለበት። ከሞት በኋላ ፍርድ ቤት የወራሽነት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ እነዚህን ይፈልጋል።
• የንብረትና የዕዳ ዝርዝር አብራችሁ አውጡ፤ የግሉን ከጋራው ለዩ።
• የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ኑዛዜያችሁን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ብታደርጉት ከፎርም ስሕተት ትድናላችሁ።
• ውርሱን የሚያጣራ ታማኝ ሰው ሰይሙ፤ ኑዛዜው የት እንዳለም ንገሩት።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ከመካከላችን አንዱ በዚህ ዓመት ቢለይ የቀረው የት ይኖራል? በምንስ ይተዳደራል?
2. ልጆቻችንን በጌታ ፍርሃት ያሳድጉልናል የምንላቸው እነማን ናቸው?
3. አንዳችን ለሌላችን ያልነገርነው ዕዳ፣ ንብረት ወይም ልጅ አለ?

በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ አንድ ምሽት ስጡ። ስልካችሁን ዝጉ፣ ልጆችን አስተኙ፣ በጸሎት ጀምሩ። ሁለት እስክሪብቶና ሁለት ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ይኑር። ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ።