የማኅበር ተራ ሲደርሳችሁ

በብቸናና በሞጣ ያላችሁ እናቶች! የማኅበር ተራ ሲደርሳችሁ ተበድራችሁ አትደግሱ። እንጀራ በትኩስ ሽሮና ጠላ ይበቃል፤ ማኅበርተኛው የሚመጣው ለጨዋታው ነው።

እኛን የሚያሳስበን ዋንጫው ነው። እንግዳ ሲበዛ ዋንጫውን ሁሉ በአንድ ገበቴ ውሃ ነከር አድርጎ መልሶ መቅዳት አለ፤ እንዲህ ሲሆን የአንዱ ተቅማጥ ለቤቱ ሁሉ ይዳረሳል። በሳሙና እጠቡት፤ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁም አለቅልቁት። የሚጠጣው ውሃ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ አገሩ ደጋ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ዝቅ ያለ ነው። እጅ የሚያስታጥበው ልጅ ሳሙናም ይያዝ፤ ከሌለ አመድ ይሆናል።

ሥጋ ካለ ቀዩ እስኪጠፋ ይብሰል፤ ኮሶ የሚይዘው ከጥሬ ሥጋ ነው። ይህን ስንል ጥሬ ወዳድ አባወራዎች እንደሚቀየሙን እናውቃለን።