60 ፎቶግራፎች፣ 7,500 ምስሎች፦ የፎቶግራፍ ትርዒት ወደ ቪዲዮ ሲለወጥ

የምረቃ በዓል ባለፈ ማግሥት፣ ከቤተሰቡ መካከል «ኮምፒዩተር ይችላል» ለሚባለው ወጣት አንድ ሥራ ይሰጠዋል። በየዘመዱ ካሜራና ስልክ የተነሡትን ፎቶግራፎች ሰብስቦ፣ በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ሙዚቃ ጨምሮበት በውጭ አገር ለሚኖሩት ዘመዶች በኢንተርኔት የሚላክ ቪዲዮ እንዲያዘጋጅ ይጠየቃል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ፎቶግራፎቹን ወደ ሶፍትዌሩ ማስገባት፣ አንድ ቁልፍ መጫንና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኮምፒዩተሩ ምን ይሠራ እንደነበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እስቲ እኛ እንጠይቅ፤ በቁጥር እንጀምር።

ፎቶግራፎቹ 60 ናቸው እንበል። እያንዳንዳቸው 4,000 በ3,000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ፒክስል አላቸው። ጄፔግ በተባለው ሥርዓት ታምቀው የተቀመጡ በመሆናቸው አንዱ በአማካይ 4 ሜጋባይት ቢይዝ ጠቅላላው 240 ሜጋባይት ይሆናል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ለ5 ሰከንድ ቢታይ ትርዒቱ 300 ሰከንድ ወይም 5 ደቂቃ ይፈጃል። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ 60ዎቹ ፎቶግራፎች 7,500 ምስሎች ሆኑ ማለት ነው።

የእነዚህ ምስሎች ስፋት በዛሬው ዘመን የተለመደው 1,920 በ1,080 ፒክስል ይሁን። ለእያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ብንመድብ አንዱ ምስል 6.2 ሜጋባይት፣ 7,500ው ደግሞ 46.7 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያህል ፋይል ለአክስት ልላክ ማለት የማይታሰብ ነው። ነገር ግን ለምስሉ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ብንመድብለት ከሶፍትዌሩ የሚወጣው ፋይል 37.5 ሜጋባይት ነው። ይህም ካልታመቀው ከ1,200 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው፤ የሚያስገርመው ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 60 ፎቶግራፎች ስድስተኛ እጅ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው። 7,500 ምስሎች ከ60 ምስሎች ያነሰ ቦታ እንዴት ሊይዙ ቻሉ?

ያልተለወጠን አለመድገም

የመልሱ ግማሽ በቀላሉ የሚገመት ነው። አንድ ፎቶግራፍ ለ5 ሰከንድ ሲታይ 125 ጊዜ ይደገማል፤ 125ቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን በሙሉ መጻፍ፣ ለቀሩት 124 ግን «እንደ በፊቱ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀውና እስከ ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ኤች.264 የተባለው የእመቃ ሥርዓት ምስሉን በመሠረቱ 16 በ16 ፒክስል ወደሆኑ ካሬዎች ይከፋፍላል። ካሬው ካለፈው ምስል ካልተለወጠ «ዝለለው» የሚል ምልክት ብቻ ይጻፋል። ካሬው ቦታውን ብቻ ለውጦ ከሆነ ወዴትና ምን ያህል እንደሄደ የሚናገር አንድ ቬክተር ይጻፋል። ከዚያም በግምቱና በእውነተኛው ምስል መካከል ያለው ልዩነት ይታከልበታል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ብዙ ተማሪዎች «ምስሉ የማይንቀሳቀስ ከሆነ በሰከንድ 25 ምስል ለምን አስፈለገ? 5 ቢሆን ፋይሉ በአምስት እጥፍ ባነሰ ነበር» ይላሉ። አያንስም። የተደጋገሙት ምስሎች የሚይዙት ቦታ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ትርፉ ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ግን አንዳንድ ማጫወቻዎች እንዲህ ባለው ያልተለመደ ፍጥነት መደናቀፋቸው ነው። በአንጻሩ ሙሉ ምስሉ በየጊዜው መደገሙ የግድ ነው፤ አለዚያ ተመልካቹ ቪዲዮውን ከመካከል ልጀምር ቢል ማጫወቻው የሚነሣበት መሠረት ያጣል። በነጻ የሚታደለው ኤክስ264 የተባለው ሶፍትዌር ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ሙሉ ምስል ሳይጽፍ ከ250 ምስል በላይ አይሄድም፤ በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን ይህ 10 ሰከንድ ነው።

«በጣም ቀላል» የተባለው ሐሳብ

የመልሱ ሁለተኛ ግማሽ በአንዱ ምስል ውስጥ የሚደረገው እመቃ ነው፤ ታሪኩም ለተመራማሪዎች ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሕንድ ተወላጁ ናሲር አሕመድ ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም የተባለውን የሂሳብ ስልት ለማጥናት ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ አቀረቡ። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው ተብሎ ጥያቄያቸው ውድቅ መሆኑን ራሳቸው ከዓመታት በኋላ ጽፈዋል። እርሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጥለው ከናታራጃንና ከራኦ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙት። ጄፔግ የቆመው በዚህ ስልት ላይ ነው፤ ኤች.264ም በመሠረቱ ከዚሁ የወጣ ስልት ይጠቀማል። እኛም ፎቶግራፍ በምናነሣ ቁጥር የዚያ «በጣም ቀላል» ሐሳብ ባለዕዳዎች ነን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጄፔግ 8 በ8 የሆነች የምስል ካሬ 64 ቁጥሮች አሏት። ስልቱ እነዚህን 64 ቁጥሮች ወደ ሌላ 64 ቁጥሮች ይለውጣቸዋል። የመጀመሪያው የካሬዋን አማካይ ብርሃን ይነግረናል፤ ተከታዮቹ ደግሞ በካሬዋ ውስጥ ያለውን ዝግ ያለ፣ ከዚያም ፈጠን ያለ፣ በመጨረሻም እጅግ የደቀቀ ለውጥ ይገልጻሉ። እስካሁን የጠፋ ነገር የለም። ነገር ግን እንደ ሰው ጉንጭ ወይም እንደ ሰማይ ባለ ለስላሳ ቦታ ላይ የደቀቀውን ለውጥ የሚገልጹት ቁጥሮች ወደ ዜሮ የቀረቡ በመሆናቸው ወደ ዜሮ ይጠጋጋሉ። የብዙ ዜሮዎች ተርታም በአጭሩ ይጻፋል። ጥፋቱ የሚፈጸመው በዚህ ማጠጋጋት ላይ ነው፤ አንዴ ዜሮ የሆነው ተመልሶ አይገኝም።

ቀለሙም የራሱን ድርሻ ይከፍላል። ዓይናችንና አእምሯችን የብርሃንን ዝርዝር በጥራት ሲለዩ የቀለምን ዝርዝር ግን ያን ያህል አይለዩም። ስለዚህ የቪዲዮ ሥርዓቶች ብርሃንን ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ቀለምን ግን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋሉ። ለአራት ፒክስል 12 ቁጥር ይጻፍ የነበረው 6 ብቻ ሆነ፤ የፋይሉ ግማሽ ገና እመቃው ሳይጀመር ቀረ።

ለፊደላችን ይህ ነገር ቀላል አይደለም። በቪዲዮው ላይ የተመራቂውን ስም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቀዩን ፊደል በሰማያዊ መደብ ላይ ማስፈር ደስ ይለዋል። በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ፊደሉን ከመደቡ የሚለየው በአብዛኛው ቀለም እንጂ ብርሃን አይደለም፤ ቀለሙ ደግሞ አራተኛ እጁ ብቻ ነው የቀረው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ፣ «ላ»ን ከ«ለ» የሚለየው የእግር እጥረት፣ በዚህ ብዥታ ውስጥ ይዋጣሉ። ነጭ ፊደል በጥቁር ወይም በጠቆረ መደብ ላይ፣ ያውም ተለቅ ብሎ ቢጻፍ ይህ ችግር በአብዛኛው ይወገዳል።

ማጌጥ ዋጋ ያስከፍላል

ፎቶግራፍን ደርድሮ ማሳየት ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ጥበብ ነው። የኮዳክ ኩባንያ ካሩሰል የተባለው ተሽከርካሪ የስላይድ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጥቶ ኩባንያው የስላይድ ማሳያ መሥራቱን እስካቆመበት እስከ 2004 ድረስ የብዙ አዳራሾች ጌጥ ነበር። በሲኒማውም ዓለም ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 «ላ ዤቴ» የተባለውን 28 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም ከአንዲት ቅጽበት በስተቀር በቋሚ ፎቶግራፎች ብቻ ሠርቶታል። በፎቶግራፍ ላይ ካሜራውን በዝግታ የማንሸራተትና የማስጠጋት ስልት ደግሞ ዛሬ በአሜሪካዊው የዘጋቢ ፊልም ሠሪ በኬን በርንስ ስም ይጠራል። ስልቱ ግን የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው «ሲቲ ኦቭ ጎልድ» በተባለው የካናዳ ፊልም ላይ በሚገባ ይታያል። በርንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሠራው ተከታታይ ፊልም ስልቱን አስፋፋው፤ አፕል ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2003 በአይሙቪ ሶፍትዌር ውስጥ በስሙ ሰየመው።

እነዚህ ጌጦች ለእመቃው ሥርዓት እኩል አይደሉም። ምስሉ ወደ ጎን ብቻ ሲንሸራተት ሁሉም ካሬ በአንድ ቬክተር ስለሚገለጽ ሥራው ቀላል ነው። ምስሉ ወደፊት ሲቀርብ ግን ካሬዎቹ ከመሄዳቸው በላይ እየተለቁም ነው፤ ቬክተር ደግሞ መሄድን እንጂ መተለቅን አይገልጽም። ስለዚህ ልዩነቱ በየምስሉ መታከል አለበት። ከሁሉም የከፋው አንዱ ፎቶግራፍ እየደበዘዘ ሌላው እየጎላ የሚተካበት ስልት ነው። በዚያች አንድ ሰከንድ የእያንዳንዱ ፒክስል ዋጋ ይለወጣል፤ የሄደ ነገር ስለሌለ ቬክተሩ የሚይዘው የለውም። የተመደበው ቢት ጥቂት ከሆነ ካሬዎቹ በግልጽ ይታያሉ፤ የተመራቂዋ ፊት ለአፍታ የሞዛይክ ወለል ይመስላል። በጸሐፊው አስተያየት በየፎቶግራፉ መካከል የሚሽከረከር፣ የሚገለበጥና እንደ ልብ ቅርጽ የሚከፈት መሸጋገሪያ ማብዛት ዓይንንም ፋይሉንም ያደክማል። ካሜራ ቢንሸራተት በዝግታ ይንሸራተት፤ የቀረው በቀጥታ ቢቆረጥ ይበቃል።

ድምፅን በተመለከተ አጭር ስሌት ትበቃናለች። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚይዝ ሙዚቃ ለ300 ሰከንድ 4.8 ሜጋባይት ነው። ምስሉ ምንም ካልተንቀሳቀሰ የሙዚቃው ድርሻ ከምስሉ ጋር ሊቀራረብ ይችላል።

የምስሉ ቅርጽም ያስቸግራል። ፎቶግራፋችን 4 ለ3 ሲሆን የቪዲዮው መስኮት 16 ለ9 ነው። ፎቶግራፉ በሙሉ እንዲታይ ከተፈለገ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል። መስኮቱን እንዲሞላ ከተፈለገ ደግሞ የቁመቱ ሩብ ይቆረጣል፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ሳይጠይቁ የሚመርጡት ይህን ነው። በቡድን ፎቶግራፍ ላይ ከኋላ የቆሙት ረጃጅም አጎቶች ያለ ራስ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩ በቁም ተይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ወደ ጎን ተኝቶ ይወጣል፤ ካሜራው «ይህ በቁም የተነሣ ነው» ብሎ በፋይሉ ውስጥ የጻፈውን ምልክት ሶፍትዌሩ ሳያነበው ሲቀር ነው።

የቀረው ምን ያህል ነው?

ቪዲዮው ተሠርቶ ከተላከ በኋላ በብዙ ቤት አንድ ውሳኔ ይደረጋል፤ «ሁሉም ቪዲዮው ውስጥ አለ፤ ስልኩ ስለሞላ ፎቶግራፎቹን እናጥፋቸው።» ይህ ውሳኔ በሂሳብ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት።

አንዱ 4 ለ3 ፎቶግራፍ ሳይቆረጥ በቪዲዮው ውስጥ ሲቀመጥ 1,440 በ1,080፣ ማለትም ወደ 1.56 ሚሊዮን ፒክስል ብቻ ያገኛል። ከ12 ሚሊዮኑ የቀረው 13 በመቶ ነው። ከዚያ ላይ ቀለሙ በአራተኛ እጅ ቀርቷል፤ ቀጥሎ ማጠጋጋቱ አለ። ወደ ዩቲዩብ ወይም ወደ ዋትስአፕ ሲላክ ደግሞ አገልግሎቱ ለራሱ እንዲስማማ እንደገና ያምቀዋል፤ የተጠጋጋው ዳግመኛ ይጠጋጋል። ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀንና ሰዓትም በየፎቶግራፉ ተጽፎ የነበረው በቪዲዮው ውስጥ የለም። ካሜራው የቦታውን አድራሻ መዝግቦ ከነበረ የእርሱ መጥፋት ለአደባባይ ለሚወጣ ምስል እንዲያውም መልካም ነው።

በቡድን ፎቶግራፍ ላይ የአንዲት አያት ፊት 120 ፒክስል ስፋት ነበረው እንበል። በቪዲዮው ውስጥ 43 ፒክስል ይሆናል። በአገራችን አንድ ሰው ሲያርፍ በለቅሶው ቤት የሚቆም ጉልህ ፎቶግራፍ ይፈለጋል፤ ብቻዋን የተነሣችው ከሌለ ደግሞ ከቡድኑ መካከል ፊቷን ቆርጦ ማጉላት የተለመደ ነው። 120ው ፒክስል ራሱ ለዚህ ሥራ ጥቂት ነው፤ ጎበዝ ባለሙያ ግን የሆነ ነገር ያወጣለታል። ከ43ቱ ግን ዓይንን ከቅንድብ መለየት እንኳ ያስቸግራል። በቪሲዲ ዘመን የሠርግ ፎቶግራፎቻቸውን በዲስክ አስቀርተው ፋይሎቹን ያጠፉ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ የቪሲዲ ቪዲዮ 352 በ288 ፒክስል፣ ማለትም 0.1 ሚሊዮን ገደማ ነበርና። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥኑ መስታወት ጉድለቱን ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ በሰፊው ስክሪን ላይ ሲከፈት ይጋለጣል።

ሶፍትዌሩም አላፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ቪዲዮ የሠራንበትን ሙቪ ሜከር ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥር 2017 አቁሞታል፤ በእርሱ ቋንቋ የተቀመጡት የሥራ ፋይሎች ዛሬ በሌላ ሶፍትዌር እንደልብ አይከፈቱም። ጄፔግ ፋይሎች ግን እ.ኤ.አ. በ1992 በጸደቀው ሥርዓት እንደተጻፉ አሁንም በማናቸውም ኮምፒዩተር ይነበባሉ። ስለዚህ ፎቶግራፎቹ በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች፣ ለምሳሌ በውጫዊ ሃርድ ዲስክና በሌላ ዘመድ ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጡ። 240 ሜጋባይት ለማናቸውም ፍላሽ ዲስክ ሸክም አይደለም።

ከመላክ በፊት አንዲት ትንሽ ጉዳይ ትቀራለች። የኤም.ፒ.4 ፋይል የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ ሠንጠረዥ አለው። ሶፍትዌሩ ይህን ሠንጠረዥ የሚያዘጋጀው ሥራው ሲያልቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ፋይሉ ከድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ሲታይና ግንኙነቱ ዝግ ያለ ሲሆን ተመልካቹ ሠንጠረዡ እስኪደርስ ባዶ መስኮት ሊጠብቅ ይችላል። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረውና በነጻ የሚገኘው ኤፍኤፍኤምፔግን ጨምሮ ብዙ ሶፍትዌሮች ሠንጠረዡን ወደ ፊት የሚያመጣ ምርጫ አላቸው። ምርጫው የምስሉን ጥራት አይነካም፤ ፋይሉንም አያሳድገውም።