የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳያ ፕሮግራም አልከፈት ባለ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

በዚህ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤት በቃልና በጥቁር ሰሌዳ ከሚሰጠው ትምህርት ሌላ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ድምፅም ለማስተማር ያገለግላል። ይህን ከሚያሳዩት ፕሮግራሞች አንዱ ቪኤልሲ የሚባለው ነው። ምልክቱም በመንገድ ሥራ ላይ የሚቆመው፣ ብርቱካንማና ነጭ ቀለም ያለው ሾጣጣ ነው። ሥራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓመት በፈረንሳይ አገር በኤኮል ሴንትራል ፓሪስ ተማሮች ተጀመረ፤ በ2001 ዓመትም ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲሠራበት በነጻ ፈቃድ ወጣ።

ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ምልክቱ ቢነካም ፕሮግራሙ ሳይከፈት ይቀራል። ተማሮች ተሰብስበው ሲጠብቁ ይህ የደረሰበት መምህር ትምህርቱ የጠፋ ይመስለውና በችኰላ ያገኘውን ሁሉ ይደመስሳል፤ እንዲህም ሲሆን ያልተበላሸው ነገር በገዛ እጁ ይበላሻል። ስለዚህ አስቀድሞ ማስተዋል የሚያስፈልገው፣ ፕሮግራሙና ትምህርቱ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ነው። ፕሮግራሙ እንደ መነጽር ነው፤ ትምህርቱም እንደ መጽሐፍ ነው። መነጽር ቢሰበር መጽሐፉ አይቀደድም።

እንግዲህ ምክንያቱን ለማግኘት ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ በተራ መሄድ ይገባል።

አንደኛ፤ ጉድለቱ ከመነጽሩ ወይም ከመጽሐፉ እንደ ሆነ መለየት ነው። ትምህርቱን ትቶ ፕሮግራሙን ብቻውን በምልክቱ መክፈት ይገባል። ብቻውን ከተከፈተ፣ ጉድለቱ ከትምህርቱ ፋይል ሊሆን ስለሚችል ሌላ ፋይል ከፍቶ ማስተያየት ነው። ብቻውንም ካልተከፈተ ግን ጉድለቱ ከፕሮግራሙ ወገን ነውና ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

ሁለተኛ፤ ፕሮግራሙ በስውር እየሠራ እንዳይሆን መመርመር ነው። ቀድሞ የተከፈተው አንዳንድ ጊዜ መስኮቱ ሲዘጋ ራሱ ሳይዘጋ ይቀርና አዲሱን ይከለክላል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉት ሦስት ቁልፎች ባንድነት ሲጫኑ በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይታያል። በዚያ የቪኤልሲ ስም ቢገኝ መርጦ ማስቆም ነው። ይህ የሚከብደው ሰው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንደገና ቢያስነሣ ያው ይሆንለታል።

ሦስተኛ፤ የምርጫውን ጽሑፍ ማደስ ነው። ቪኤልሲ የተጠቃሚውን ልዩ ልዩ ምርጫ በትንሽ ፋይል ጽፎ ያኖራል፤ በተከፈተም ጊዜ ሁሉ ያነበዋል። መብራት በድንገት በመጥፋቱም ሆነ በሌላ ምክንያት ይህ ጽሑፍ ቢበላሽ፣ ፕሮግራሙ ገና ከደጃፉ ይሰናከላል። በዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ከቪኤልሲ ስም ጋራ ምርጫውን ወደ መጀመሪያው የሚመልስ መስመር ይገኛልና እርሱን መንካት ነው። በዚህ የሚጠፋው ምርጫው ብቻ ነው፤ የትምህርቱ ፋይል አይነካም።

አራተኛ፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ቢል ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫን ነው። አዲሱንም ከሠሪዎቹ፣ ቪዲዮላን ከሚባለው ማኅበር የኢንተርኔት ገጽ መውሰድ ይገባል። እነርሱ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ዋጋ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ቢገኝ መጠንቀቅ ነው። ደግሞም ለ64 ቢት የተሠራው በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ከቶ አይሠራምና የኮምፒውተሩን ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ በፍላሽ ተቀድቶ ሲመጣ፣ የፋይሉ መጠን ከተቀዳበት ጋራ እኩል መሆኑን ማየት ይገባል፤ ጎድሎ የተቀዳ አይጫንም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠበቅ ሥርዐት አለ፤ ይኸውም ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መፈተን ነው። ሦስት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው ፕሮግራሙ ቢከፈትለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እንደ አዲስ ይደናገራል። ስለዚህ የታየውን ጉድለትና የሠራውን መፍትሔ በትምህርት ቤቱ መዝገብ መጻፍ መልካም ነው፤ አንዱ መምህር የደከመበት ለሚተካው ይጠቅማልና። የትምህርቶቹም ግልባጭ በሌላ ፍላሽ ተቀድቶ ይቀመጥ። መጽሐፉ በሁለት ስፍራ ካለ፣ መነጽሩ እስኪታደስ ድረስ መታገሥ አይከብድም።