ከዲ3500 ቀጥሎ ምን ይገዛ?

ኒኮን ዲ3500ን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከነባትሪውና ከነሚሞሪ ካርዱ 415 ግራም ይመዝናል፤ 24.2 ሜጋፒክስል ፎቶ ያነሳል፤ ባትሪው አንዴ ሲሞላ በአምራቾች መለኪያ 1,550 ፎቶ ይዘልቃል። ብዙ ጊዜ አብሮት ይሸጥ የነበረው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሆነው ሌንስ ነው። ፎቶ ማንሳትን በትርፍ ሰዓቱ የጀመረ ሰው በዚህ ካሜራ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ «መቀየር አለብኝ» ማለቱ የታወቀ ነው። ለምን ሲሉት ግን የሚጠራው የአዲስ ካሜራ ስም ነው፤ የትኛው ፎቶ እንዳልወጣለት አይናገርም።

መጀመሪያ የሚያታልለው ሜጋፒክስል ነው። በኒኮን ቤት ከዲ3500 ከፍ ብለው የሚቀመጡት ዲ7500 እና ሚረርለስ የሚባለው መስታወት አልባው ዜድ50 ሁለቱም 20.9 ሜጋፒክስል ናቸው። ከፍ ሊል ወጥቶ ቁጥሩ ሲወርድበት የማይደናገጥ ገዢ ጥቂት ነው። ሆኖም የዲ3500 ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ረጅሙ ጎኑ 51 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን የዜድ50 ደግሞ 47 ነው። ፎቶውን በስልክ ብቻ ለሚያሳይ ሰውማ ልዩነቱ ከነጭራሹ የለም።

ቁም ነገሩ ያለው ብርሃን ላይ ነው። ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ውስጥ፣ በጠባብ መስኮት በሚገባ ብርሃን፣ የሚጸልይ ሰው ፎቶ ይነሳ እንበል። ፍላሽ እንደማይበራ የታወቀ ነው። ያ 18–55 ሌንስ መሀሉ ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ከኤፍ 4.5 ብዙም አይሰፋም፤ ካሜራው ሹተሩን ለሰከንድ 1/20 ያህል ከፍቶ ይቆያል፤ ሰውየው ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ፊቱ ይደበዝዛል። በቦታው 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢገጠም ስድስት እጥፍ ብርሃን ይገባል። ሹተሩ 1/125 ይሆናል፤ ፊቱም ይጠራል። የሚከፈለው ዋጋ አለ፦ በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ስስ ስለሆነ ፎከሱ ከዓይን ወደ ጆሮ ከሸሸ ፎቶው ከሰረ ማለት ነው።

ይህንኑ ችግር ብዙዎች ፉል ፍሬም ካሜራ በመግዛት ሊፈቱት ይሞክራሉ። የዲ3500 ሴንሰር ወደ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ነው፤ የፉል ፍሬም 36 በ24። በስፋት ሲለካ ሁለት እጥፍ ከሦስተኛ ቢሆን ነው። ሌንሱ ስድስት እጥፍ፣ ሴንሰሩ ሁለት እጥፍ ከምናምን! ዋጋቸው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ላይ የቀድሞዎቹ ሌንሶች ለትንሹ ሴንሰር የተሠሩ ከሆኑ ፉል ፍሬሙ ዜድ6 መሀሉን ብቻ ቆርጦ ይጠቀማል፤ 24.5 ሜጋፒክስል የተባለው ወደ 10 ይወርዳል።

ታዲያ ካሜራው ራሱ የሚገድብበት ጊዜ የለም? አለ። በስሜን ተራሮች ገደል ለገደል የሚሮጥ ጭላዳ ወይም የሚበር ጭላት የሚከታተል ሰው በዲ3500 ቶሎ ይሰለቻል። ፎከስ የሚይዝባቸው ነጥቦች 11 ብቻ ናቸው፤ እነሱም መሀል ላይ ተሰብስበዋል፤ በሰከንድ የሚያነሳውም አምስት ፎቶ ነው። ዲ7500 51 ነጥብና በሰከንድ ስምንት ፎቶ አለው። ዜድ50 ደግሞ አብዛኛውን ፍሬም የሚሸፍኑ 209 ነጥቦችና በሰከንድ 11 ፎቶ። መስታወት አልባው ሌላም ብልጫ አለው፦ ፎቶው ጨለማ ወይም ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ ሳይነሳ በፊት በማያው ውስጥ ይታያል። ለተማሪ ይህ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጣል። የሚጎዳው ባትሪው ነው፤ አንዴ ሞልቶ ወደ 300 ፎቶ ብቻ። ጎንደር ላይ ከከተራ እስከ ሚካኤል ለሚውል ሰው ትርፍ ባትሪ የግድ ነው።

የሌንስ መግጠሚያውም ይታሰብበት። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ የያዘው ኤፍ መግጠሚያ ከሴንሰሩ 46.5 ሚሊሜትር ይርቃል፤ በ2018 የመጣው ዜድ 16 ብቻ። ክፍተቱን ኤፍቲዜድ የተባለው አዳፕተር ይሞላዋል። አዳፕተሩ ግን ሞተር የለውም፤ ስለዚህ ፎከሳቸውን በካሜራው ሞተር የሚያገኙት የቆዩ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በዜድ ላይ በእጅ ካልተሽከረከሩ አይሠሩም። ዲ3500ም ለእነሱ የሚሆን ሞተር የለውም፤ ዲ7500 ግን አለው። ከአጎቱ የድሮ ሌንስ የወረሰ ሰው ምርጫው እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ደግሞ አንድ ፎቶ አንስቶ ፋይሉን ይውሰድ። ኒኮን ሹተሩ እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ የዲ7500 ሹተር የተፈተነው ለ150,000 ነው። ሌንሱን በባትሪ መብራት አሳልፎ ማየትም ያስፈልጋል፤ እርጥበት የመታው መስታወት ውስጥ ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ሌንስ ማስጠረጉ አንዳንዴ ከሌንሱ ዋጋ ይበልጣል።