በሁለተኛው ቀን የቀረበው ጥያቄ

ሃይማኖትን ደፍሮ ስለ መመስከር ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድሞ ትዝ የሚለን ሰማዕትነት ነው። ፋሺስቶች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የገደሏቸውን አቡነ ጴጥሮስን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፈተና የሚመጣው ለጥቂቶች ነው፤ ለብዙዎቻችን የሚመጣው ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ ማንም ያልሞተበትን፥ ነገር ግን ከፍ ያለ ድፍረት የታየበትን አንድ የአገራችንን ታሪክ ለአንባቢዎች ላስረዳ።

በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በመካ ከተማ ከቍረይሽ ሹማምንት ብዙ መከራ ይቀበሉ ነበር። ነቢዩም ፍርድ የማይጓደልበት ንጉሥ በሐበሻ አለ ብለው ላኳቸው። ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመጡት ስደተኞች ቍጥራቸው ውሎ አድሮ ከ80 በላይ ሆነ። ቍረይሾችም ዓምር ኢብን አል-ዓስንና አንድ ባልደረባውን እንዲያስመልሷቸው ሰደዱ። ታሪኩን ኢብን ኢስሐቅ የተባለው የዐረብ ጸሐፊ፥ ከስደተኞቹ አንዷ ከነበረችው ከኡሙ ሰለማ አፍ የተወረሰ አድርጎ ይተርከዋል።

መልእክተኞቹ ብልሆች ነበሩ፤ ለንጉሡ ከማቅረባቸው በፊት ለሹማምንቱ ለያንዳንዳቸው የቆዳ ስጦታ አደሉ። (ጉቦ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም።) ንጉሡ ግን፥ ዐረቦች ነጃሺ የሚሉት፥ እኔን መጠጊያ ያደረጉትን ሰዎች ቃላቸውን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ተነሥቶ፥ ቀድሞ ጣዖት እናመልክ፥ ደካማውንም እንበድል ነበር፤ አሁን ግን አንድ አምላክን ማምለክና እውነት መናገር ተማርን ብሎ አስረዳ። ስለ ማርያም የሚናገረውንም የቍርኣን ክፍል በቃሉ አሰማ። ንጉሡም ጳጳሳቱም አለቀሱ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር ለማለት ይቻላል፤ ጃዕፈር የተናገረው ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትን ነውና። ዓምር ግን በማግስቱ ተመልሶ፥ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው አለ። ስደተኞቹ እንደዚያ ተጨንቀው አያውቁም ነበር። ንጉሡ የሚወደውን ቢናገሩ ይድናሉ፤ የሚያምኑትን ቢናገሩ ወደ መካ መመለስ ሊመጣ ነው። ተመካከሩና የመጣው ይምጣ፥ ያመንነውን እንናገራለን አሉ። ጃዕፈርም በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ቆሞ፥ ኢየሱስ የእግዚአብሔር ባሪያና መልእክተኛ፥ ወደ ድንግል ማርያም የተላከ ቃሉ ነው እንላለን ሲል መለሰ። የእግዚአብሔር ልጅ ነው አላለም። ነገር ግን የንጉሡን እምነት አንዲት ቃል አልሰደበም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እኛን የሚያስፈራን ንጉሥ አይደለም፤ የጓደኛ ሣቅ ነው። ማተቡን ከሸሚዙ ሥር የሚደብቅ አለ። ጾመኛ እንደ ሆነ እንዳይታወቅበት ሆዴን አሞኛል የሚል አለ። ጴንጤ ተብሎ እንዳይጠራ መዝሙር እንደሚወድ የማይናገርም አለ። ከእነዚህ መካከል እምነቱን የካደ የለም፤ የሁለተኛው ቀን ጥያቄ ሲቀርብ ግን ዝም ማለትን መርጠዋል። በሌላው በኩል ደግሞ ከመሰሎቹ መካከል ተቀምጦ የሌላውን ሃይማኖት እየሰደበ ደፋር ነኝ የሚል ይገኛል። ሁሉ በሚያጨበጭብለት ስፍራ የሚናገር ሰው ምን ድፍረት ያስፈልገዋል?

በዚህ ታሪክ ደፋሩ ጃዕፈር ብቻ አይደለም። ንጉሡ በትር ከምድር አንሥቶ፥ አንተ ካልኸው የዚህን በትር ያህል እንኳ አይርቅም አለ ይባላል። ሹማምንቱ በቍጣ አጕረመረሙ፤ እርሱ ግን ብታጕረመርሙም ነው ብሎ ስደተኞቹን በሰላም ኑሩ አላቸው፥ የመልእክተኞቹንም ስጦታ መለሰ። በክፍል ውስጥ አንዱ በእምነቱ ሲሣቅበት፥ ተዉት ይናገር የሚል ተማሪ ከጓደኞቹ የሚደርስበት ማጕረምረም ይኸው ነው፤ እኔ እንደማስበው ይህኛው ወገን ከመጀመሪያው ይልቅ በመካከላችን ጥቂት ነው።

ጃዕፈር እስከ 628 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ተቀምጦ በመርከብ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ። ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ ግን በዚሁ ሞተው ተቀበሩ፤ መቃብራቸውም በትግራይ ከውቅሮ በስተሰሜን በምትገኘው በነጋሽ እንደ ሆነ ይታመናል።